ማረፊያ ለደከመ ነው

ሰው መንገድ ሊሄድ ሲነሣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስበው የሚደርስበትን ስፍራ ነው። ከዚያም የሚነሣበትን ሰዓት፣ የሚይዘውን ስንቅና የሚያወጣውን ገንዘብ ያሰላል። በመካከል የሚያድርበትን ቦታ ግን አንዳንዱ ሰው እንደ ትንሽ ነገር ቆጥሮ «እግር የጣለን ዘንድ እናድራለን» ይላል፤ አንዳንዱ ደግሞ ራሱን ደስ የሚያሰኘውን ቦታ መርጦ ሌላውን ያስከትላል። እኔ ከሁለተኞቹ ወገን ነበርሁ። ይህ ስሕተት መሆኑን የተማርሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከገዛ ራሴ ጥፋት ስለሆነ፣ ለሌላው ይጠቅም እንደሆነ ብዬ ታሪኩን ሳልደብቅ ልጽፈው ወደድሁ።

ነገሩ የሆነው በ2007 ዓ.ም. በጥር ወር ነው። የታላቅ እኅቴ ልጅ ዲላ ላይ ልትዳር ቀን ተቆርጦ ስለነበር ከነቤተ ሰቤ ለሠርጉ ተጠራሁ። ከአዲስ አበባ እስከ ዲላ ያለው መንገድ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የቸኮለ ሰው በአንድ ቀን ይጨርሰዋል፤ እኛ ግን በመንገድ አንድ ሌሊት አድረን በማግሥቱ እንድንገባ ቆረጥን። ለዚህም ለሰው የምሰጠው ምክንያት ሁለት ነበር። አንደኛው፣ የ76 ዓመት አሮጊት እናቴን ይዤ ስለምሄድ እንዳትደክምብኝ ማሰቤ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ልጆቼ ከቢሾፍቱ በቀር ሌላ ሐይቅ አይተው ስለማያውቁ እግረ መንገዳቸውን እንዲያዩ መፈለጌ ነው። አንባቢ ሆይ፣ የመጀመሪያውን ምክንያት ልብ በልልኝ፤ የማርፈው ለእናቴ ነው እያልሁ ለሁሉ ስናገር፣ የት ብናድር እንደሚሻላት እናቴን አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኋትም።

ይህ የደቡብ መንገድ ሐይቅ የበዛበት መንገድ ነው። ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተሄደ ቢሾፍቱ ትገኛለች፤ ነገር ግን ዲላ ለሚሄድ ሰው በጣም ቅርብ ስለሆነች ለአዳር አትመችም። ከሞጆ ወደ ደቡብ ታጥፎ፣ በ1952 ዓ.ም. ሥራው የተፈጸመውን የቆቃን ግድብ ውኃ እያዩ ሄደው መቂን ካለፉ በኋላ፣ በ160 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ዛሬ ባቱ የምትባለው የዝዋይ ከተማ ትገኛለች። ወደ 200 ኪሎ ሜትር ሲቃረብ ላንጋኖ፣ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ደግሞ ሐዋሳ ይደረሳል። እንግዲህ ምርጫው በእነዚህ በሦስቱ መካከል ነበር።

ወንዱ ልጄ ያን ጊዜ 15 ዓመቱ ነበር፤ መዋኘት ስለሚፈልግ ላንጋኖ ካልሆነ አለ። ሴቷ ልጄ 12 ዓመቷ ሲሆን፣ በሐዋሳ አሞራ ገደል ጧት ጧት ዓሣ አጥማጆች ዓሣቸውን ሲያወርዱና አባ ኮዳዎች እንደ ሽማግሌ ቆመው ሲጠብቁ አይታ የመጣች ጓደኛ ስለነበረቻት፣ ሐዋሳ ይሁን ብላ አለቀሰች። ሚስቴ ግን በሰል ያለች ሴት ናትና «ዝዋይ ብናድር ፀሐይ ሳይበረታ እንደርሳለን፤ ምግቡም አልጋውም ርካሽ ነው» አለች። እኔ ከልጄ ጋር ወገንሁ። ምክንያቱን በግልጥ ልናገርና፣ የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ ሰኞ ሰኞ ስለ ላንጋኖ ዳርቻ ሲያወሩ «እኔም አውቀዋለሁ» ለማለት ያምረኝ ነበር።

ይሁን እንጂ ሰው ምኞቱን በዕውቀት መሸፈን ይወዳልና፣ እኔም ለቤተ ሰቤ ያቀረብሁት ማስረጃ የሐኪም ማስረጃ ነበር። በዝዋይና በሐዋሳ ሐይቅ ውስጥ ቢልሃርዝያ የሚባለውን በሽታ የሚያመጣ ትል ይገኛል፤ ይህም ትል በውኃ ዳር በሚኖር ቀንድ አውጣ ውስጥ ተራብቶ በሰው ቆዳ ሰርስሮ የሚገባ ነው። ላንጋኖ ግን ከዚህ በሽታ የጸዳ መሆኑ ስለሚነገር ዋናተኞች የሚመርጡት ሐይቅ ነው። ውኃው ወተት እንደ ገባበት ሻይ ቡናማ ሆኖ ቢታይም፣ ያ ቀለም የመጣው በውስጡ ከሚንሳፈፈው ደቃቅ ደለል ነው እንጂ ከእድፍ አይደለም። ይህንን ሁሉ ዘርዝሬ ከተናገርሁ በኋላ የሚከራከረኝ ጠፋ። የተናገርሁትም ሐሰት አልነበረም።

ይህ ክርክር ማታ ማታ በራት ገበታ ላይ አንድ ሳምንት ሙሉ ሲካሄድ እናቴ በጥግ ተቀምጣ ጥጥዋን ትፈትል ነበር። አንድ ማታ ብቻ ሚስቴ ወደ እርሷ ዞር ብላ «እማማ፣ እርስዎስ የት ቢታደር ይወዳሉ?» ብላ ጠየቀቻት። እናቴ አፏን ሳትከፍት እኔ ቀደም ብዬ «እማዬ የትም ቢሆን ግድ የላትም» አልሁ። እናቴም ፈገግ ብላ «እኔማ ምን አውቄ፤ እናንተን ደስ ያላችሁ ቦታ ይሁን» አለችና እንዝርትዋን አሾረች። ነገሩ በዚህ ተፈጸመ።

በቀጠሮአችን ቀን ከጧቱ ሁለት ሰዓት ተነሣን። በዚያው ዓመት በተከፈተው የአዲስ አበባና የአዳማ ፈጣን መንገድ ሄደን በሞጆ ወጣን፤ መቂ አጠገብም ቆም ብለን ከመንገድ ዳር ሐብሐብ ገዛን። ለእናቴ አንድ ቁራሽ ብንሰጣት ጥርሴን ያመኛል ብላ ለልጅቷ አቀበለቻት። ውኃም ብንሰጣት ከንፈርዋን አስነክታ መለሰችው። እኔም የአሮጊት ነገር ነው ብዬ አለፍሁት።

ዝዋይ ከተማ ስንገባ እናቴ ከኋላ ሆና «ልጄ፣ ይኸ ዝዋይ ነው?» አለችኝ።

«አዎን እማዬ።»

«ደሴቶቹ ከዚህ ይታያሉ?»

«ከመንገዱ አይታዩም፤ ወደ ውኃው መውረድ ያስፈልጋል» አልኋት።

«እንዲያ ነው?» አለችና ነጠላዋን አስተካክላ ዝም አለች። እኔም መሪዬን ይዤ አለፍሁ። ጥያቄዋን ሰምቼ መልስ ሰጠሁ፤ በጥያቄው ውስጥ የነበረውን ልመና ግን አልሰማሁም።

ላንጋኖ ስንቀርብ ከዋናው መንገድ ወጥተን ወደ ሐይቁ በሚወስደው የአፈር መንገድ ገባን። መኪናው ሲነጥር እናቴ የፊተኛውን ወንበር በሁለት እጅዋ ጨብጣ አየኋት። ሆቴሉ ውኃውን ቁልቁል በሚያይ ከፍታ ላይ የተሠራ ነበረ፤ ከክፍሎቹ ወደ አሸዋው የሚወርደውም በረጅም የድንጋይ ደረጃ ነው። ልጆቹ ልብሳቸውን ጥለው በአንድ ትንፋሽ ወረዱ። እናቴ ከደረጃው አፍ ላይ ቆማ ወደ ታች ተመለከተችና «እኔ ከዚህ ሆኜ አያችኋለሁ» ብላ በረንዳ ላይ ተቀመጠች። እኔም ከልጆቼ ጋር እየዋኘሁ አሻቅቤ ስመለከት ነጭ ነጠላዋ ብቻ ከሩቅ ይታየኝ ነበር። እጄን አወዛወዝሁላት፤ እርሷም አወዛወዘችልኝ። በዚያች ሰዓት ከእኔ የበለጠ መልካም ልጅ፣ መልካም አባት ያለ አልመሰለኝም ነበር።

ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሚስቴ ጮኻ ጠራችኝ። እናቴ ከአልጋዋ ልትነሣ ስትል ራሷን አዙሮአት በበሩ አጠገብ ወድቃለች። ምላሷ ደርቆ ቃሏ ይቆራረጣል፤ እግሯም አልጸናላትም። ሚስቴ «ዛሬ ምን ጠጡ?» ብላ ስትጠይቅ ሴቷ ልጄ ማልቀስ ጀመረች። «እማማ ከጧቱ ቡና በኋላ ምንም አልጠጣችም። ውኃውን ሁሉ ለእኔ ነው የምትሰጠኝ፤ እንዳትናገሪ ብላኛለች» አለች።

እኔም ደንግጬ «እማዬ፣ ለምን?» ብላት፣ በደከመ ድምፅ «መኪናውን አሁንም አሁንም አቁሙልኝ እያልሁ እንዳላስቸግራችሁ ብዬ ነው» አለችኝ።

አንባቢ ሆይ፣ ይህች ሴት እኔን ያሳደገች ናት። በልጅነቴ በሌሊት ስንት ጊዜ ቀስቅሼ ወደ ደጅ እንዳስወጣኋት ቆጥራ አታውቅም። እኔ ግን በራሴ መኪና ውስጥ ለመሽናት ቁሙልኝ ማለት እስክታፍር ድረስ እንግዳ አድርጌአታለሁ።

የሆቴሉ ዘበኛ ወደ ዝዋይ ብትመለሱ ሐኪም ታገኛላችሁ ብሎ ስለመከረን፣ ቀን በደስታ ያለፍሁትን መንገድ ሌሊት በፍርሃት ተመለስሁበት። ያን የአፈር መንገድ እያንዳንዱን ጉድጓድ አስታውሰዋለሁ፤ መኪናው በነጠረ ቁጥር እናቴ ስታቃስት እሰማ ነበርና። ሐኪሙ መርምሮ በሰውነቷ ውስጥ ውኃ ማነሱን ነገረን። ሰው ሲያረጅ የጥማት ስሜቱ ስለሚቀንስ ሰውነቱ ውኃ እየፈለገ እንኳ እርሱ እንደማይታወቀው፣ ስለዚህ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች እስኪጠሙ ሳይጠበቅ መጠጣት እንደሚገባቸው አስረዳን። በደም ሥሯ ፈሳሽ መድኃኒት ተሰጣት። እኔም ሌሊቱን ሙሉ ያ ፈሳሽ ጠብ ጠብ ሲል እየተመለከትሁ በወንበር ላይ አነጋሁ።

ሊነጋጋ ሲል ዓይኗን ገልጣ «የት ነን?» አለች።

«ዝዋይ ነን፣ እማዬ።»

«እሰይ» አለችና ፈገግ አለች። ያን ጊዜ ነው ነገሩን የነገረችኝ። በዝዋይ ሐይቅ ውስጥ አምስት ደሴቶች አሉ፤ ከሁሉም የሚበልጠው ቱሉ ጉዶ የሚባለው ሲሆን የደብረ ጽዮን ማርያም ቤተ ክርስቲያን ይገኝበታል። በዮዲት ጉዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ከአክሱም ሸሽታ ወደዚያ ደሴት እንደመጣችና ጥፋቱ እስኪያልፍ በዚያ እንደቆየች በአበው ይተረካል። እናቴም ይህንን ታሪክ በልጅነቷ ከአባቷ አፍ ሰምታ፣ ያን ውኃ በዓይኗ ለማየት ስትመኝ ሰባ ዓመት ሊሞላት ኖሮአል። «መንገዳችን በዚያ መሆኑን ስሰማ ደስ ብሎኝ ነበር» አለች። «ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?» ብላት «የጠየቀኝ የለማ፤ ደግሞ የልጆቹን ደስታ ልሻማ?» አለችኝ። ለዚህ ቃል መልስ አልነበረኝም።

ሐኪሙ ከፈቀደልን በኋላ፣ ረፋድ ላይ ወደ ሐይቁ ወረድን። የሄድንበት ዳርቻ ደልዳላ ነው፤ መኪናው ውኃው አጠገብ ድረስ ገባ። ዓሣ አጥማጆች ቆሮሶና አምባዛ እየከፈሉ ትርፍራፊውን ሲወረውሩ ሻላዎችና አባ ኮዳዎች ይሻሙ ነበር፤ ሴቷ ልጄ በሐዋሳ ልታየው የተመኘችውን በዚያ አየችው። አንድ ጀልበኛ ደሴቲቱ ያለችበትን አቅጣጫ በእጁ አመለከተልን። ወንዱ ልጄ «እማማ፣ በጀልባ እንውሰድሽ?» ብሎ ቢለምናት «አይ ልጄ፣ ማየቱ በቃኝ» አለች። ቆማ አማተበችና ወደዚያው ሦስት ጊዜ እጅ ነሣች። ከዚያም በሣሩ ላይ ተቀምጣ፣ ልጄ ከያዘላት ጠርሙስ ውኃ እስኪበቃት ጠጣች። እዚያ የቆየነው ግማሽ ሰዓት አይሞላም፤ ያወጣነውም ገንዘብ የለም። የእናቴ ፍላጎት ይኸው ብቻ ነበር። ማታውን ዲላ ገባን፤ ሠርጉም በማግሥቱ ሆነ።

ከዚያ ወዲህ ነገሩን ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ስለ ሐይቆቹ የማውቀው ዕውቀት ልክ ነበር፤ ኪሎ ሜትሩንም፣ ዋጋውንም፣ በሽታውንም በትክክል ቆጥሬአለሁ። የተሳሳትሁት በቅደም ተከተሉ ነው። ስለ ውኃው አስቀድሜ ጠየቅሁ፤ ስለ መንገደኞቹ ግን ጨርሶ አልጠየቅሁም። ማረፊያ ማለት የደከመ ሰው የሚያርፍበት ቦታ ማለት አይደለምን? እንግዲያስ የሚመረጠው ገንዘቡን በሚከፍለው ሰው ዓይን ወይም ድምፁ በሚበልጠው ሰው ዓይን ሳይሆን፣ ከሁሉ አስቀድሞ በሚደክመው ሰው ጉልበት ነው።

አንድ ሰው ግን «በዚህ ዓይነት የልጆች ደስታና የጎልማሳ ምኞት ሁልጊዜ ለአሮጊት ሊሠዋ ነውን?» ብሎ ይጠይቀኝ ይሆናል። አይደለም። በተከታዩ ዓመት እኅቴን ለመጠየቅ በዚያው መንገድ ስንሄድ፣ ያደርነው ላንጋኖ ነው። ነገር ግን ከመነሣታችን በፊት ደረጃ የሌለበትን፣ ክፍሉ ከአሸዋው ጋር የተያያዘውን ቤት ፈልገን ነበር፤ በየሰዓቱም ማንም ሳይለምነን መኪናውን እያቆምን ሄድን። ልጆቹ እንደ ልባቸው ዋኙ። እናቴም በልጅ ልጇ ክንድ ተደግፋ ወርዳ፣ ቀሚስዋን ሰብሰብ አድርጋ እግሯን በዚያ ቡናማ ውኃ ውስጥ ነከረችና እንደ ልጃገረድ ሳቀች። የሁሉም ምኞት ተፈጸመ፤ ማንም የጎደለበት የለም። ደካማውን ያስቀደመ ምርጫ ብርቱውን እንደማይጎዳው በዚያን ቀን አየሁ።

ስለዚህ ቤተ ሰቡን ይዞ መንገድ ለሚወጣ ሰው የምመክረው ይህንን ነው። ደካማውን ሰው በጉባኤ መካከል አትጠይቀው፤ ለብቻው ሲሆን ጠይቀው እንጂ፤ በሰው ፊት ሁሉም «ግድ የለኝም» ይላልና። «ግድ የለኝም» ቢልህም ሁለተኛ ጠይቀው። ሌላው እንዲመልስለት አትፍቀድ፤ አንተም አትመልስለት። ፀሐይ ሳትጠልቅ የምትደርስበትን ቦታ ምረጥ፤ ሐኪም በቅርብ የት እንዳለም አስቀድመህ እወቅ። መኪናውን ሳትለመን አቁም፤ ዓይን አፋር ሰው ከመለመን መጠማትን ይመርጣልና። ይህ ምክር ለመንገድ ብቻ አይደለም። ቤት የሚሠራ ሰው ደረጃውን፣ አለቃ የሆነ ሰው የሥራውን ሰዓት፣ ድግስ የሚደግስ ሰው መቀመጫውን ሲያዘጋጅ ይህንኑ ቢያስብ ይጠቅመዋል።

እናቴ በ2011 ዓ.ም. ዐረፈች። ያቺ ውኃ ይሰጣት የነበረችው ትንሽ ልጅ ዛሬ ሠራተኛ ሆናለች፤ በቅርቡም ሁላችንን ይዛ በዚያው መንገድ ሐዋሳ ድረስ ልትወስደን አሰበች። ወንድሟ አንድ ቦታ፣ እናቷ ሌላ ቦታ እያሉ ሲከራከሩ ከቆዩ በኋላ ልጄ ወደ መኝታ ቤቴ ለብቻዋ መጣችና «አባባ፣ አንተስ የት ብናድር ትወዳለህ?» አለችኝ።

ጉልበቴን ማመም ከጀመረኝ ሁለት ዓመት ሆኖኛል፤ ሌሊትም ደጋግሜ እነሣለሁ። ነገር ግን አፌ ላይ የመጣው ቃል «እኔማ የትም ቢሆን ግድ የለኝም» የሚል ነበር። ያን ጊዜ የእናቴን ዝምታ ምን ያህል ከባድ እንደነበረ ዐወቅሁ። ልጅ እንዲጠይቅ ግዴታው እንደሆነ ሁሉ፣ ወላጅም ሲጠየቅ እውነቱን መናገር ግዴታው ነው፤ ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባል የለምን? እናቴ ባትናገር የጠየቃት አልነበረም፤ እኔ ግን ተጠይቄ ብደብቅ በደሉ የእኔ ይሆናል።

ስለዚህ እያፈርሁም ቢሆን «ደረጃ የሌለበት ቤት ይሁን፤ በየሰዓቱም መኪናውን አቁሚልኝ። ደግሞ ዝዋይ ላይ ውኃው ዳር ጥቂት ብንቀመጥ ደስ ይለኛል» አልኋት።

ልጄም «እሺ አባባ» አለችና በወረቀት ላይ ጻፈችው፤ ከዚያም ወደ ሳሎን ተመልሳ የምናድርበትን ቦታ መምረጥ ጀመሩ።